ከሩቅ ሲያዩት ግንብ… ሲጠጉት ፍርስራሽ

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ታላቅ ወንድሜ ነው። ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ትልቅ ወንዝ ዳር ቆሟል። ከበስተኋላው ተራራ፣ ተራራው ላይ ደግሞ ሰማይ ሊነካ ምንም ያልቀረው ግንብ! ፎቶው ከተሰቀለ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ እሱን ሳያይ አይቀመጥም። አንዲት ጎረቤታችንማ አንድ ቀን ሲኒዋን እንደያዘች ጠጋ ብላ አየችና፣ «እንዲያው ይሄ ከኋላው ያለው የመሥሪያ ቤቱ ነው ወይስ የራሱ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴም (ይቅር ይበላትና) አላመነችም፣ አልካደችም። ፈገግ ብላ ዝም!

እናላችሁ፣ ባለፈው መስከረም የምሠራበት ድርጅት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ሲልከኝ ሰፈሩ በሙሉ ሸኘኝ ማለት ይቻላል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆሎው… ሻንጣዬ ጢም አለ። ከሁሉም የከበደኝ ግን የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረች አንዲት እጥፍ ወረቀት ናት። ዝርዝር ናት፤ ወንድሜ ሊያደርግልን የሚገባው ነገር ዝርዝር! ተራ ቁጥር አንድ የኔ ጉዳይ፤ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ቀሪ ክፍያ። ሁለት፣ የአባቴን ቤት አፍርሶ ፎቅ ማሠራት። ሦስት፣ ለአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ ይወርዳል። ዘጠነኛው ላይ እናቴ በራሷ እጅ ጽሑፍ «የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከተቻለ» ብላለች። «ከተቻለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወንድሜን ካየሁት አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሲሄድ እኔ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አውሮፕላን ጣቢያ ሲቀበለኝ ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ በኋላ ግን… እንዴት ልበላችሁ? ወሬ አለቀብን። እኔ ያረፍኩት ሥልጠናው ባዘጋጀልን ሆቴል ነው። ማታ ማታ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። «ቤትህን አሳየኝ እንጂ» ስለው «አሳይሻለሁ» ይላል። «ሥራ እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነው» ይላል። ወረቀቷን ለማውጣት አሥር ጊዜ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ አሥር ጊዜ ዘጋሁ።

ሁለተኛው እሑድ ላይ፣ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ «ሚጡዬ፣ ዛሬ የፎቶውን ግንብ ላሳይሽ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

በባቡር፣ በወንዝ ዳር

መጀመሪያ ስለ አገሩ ላውጋችሁ። ራይን የሚባለው ወንዝ ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነስቶ፣ ጀርመንን አቋርጦ፣ ሆላንድ ላይ ወደ ባሕር ይገባል። ከፍራንክፈርት ብዙም ሳይርቅ፣ ቢንገን ከምትባል ከተማ እስከ ኮብሌንዝ ድረስ፣ ወንዙ ተራራ ሰንጥቆ ያልፋል። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሞጆ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ነው። በዚህች አጭር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ባለው ተራራ ላይ፣ ወደ 40 የሚጠጉ ግንቦችና ምሽጎች ተደርድረዋል! እኛ ፋሲል ግንብን ለማየት ጎንደር ድረስ እንሄዳለን፤ እዚያ ግን ባቡሩ መስኮት ላይ ቁጭ ብላችሁ አንዱን አይታችሁ ሳትጨርሱ ሌላው ብቅ ይላል። ዩኔስኮም አካባቢውን በ2002 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ተነሳን። ማይንትስ ላይ ባቡር ቀየርንና የወንዙን ግራ ዳር ይዘን ቁልቁል መንጎድ ጀመርን። እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ «እየው! እየው!» እላለሁ። ዞር ብዬ ሳይ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ገና ማይንትስ ሳንደርስ ነው እንቅልፍ የጣለው። ቅር አለኝ፤ አልዋሻችሁም። በሆዴ «አሥራ አራት ዓመት ያላየሁት ወንድሜ፣ አብሮኝ ለመዋል ፈቃዱ ሆኖ ይተኛል?» አልኩ።

የወይኑን ነገር ልንገራችሁ። ተራራው ቀጥ ያለ ነው፤ ፍየል እንኳ አስቦበት የሚወጣው ዓይነት። ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን ተሠርቶ ወይን ተተክሎበታል። የኮንሶን እርከን ያያችሁ ካላችሁ ያንን አስቡ። ድንጋዩ ጠቆር ያለ፣ ስስ ስስ ሆኖ የሚፈለጥ ነው፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውልና ማታ ሙቀቱን መልሶ ለወይኑ ሥር ይሰጠዋል። እንዲህ ባይሆን በዚያ ብርድ ወይን አይበስልም ነበር። አብዛኛው ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። ለቀማው ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዚያ ገደል ላይ ትልልቅ ማሽን ስለማይቆም ሥራው የሰው እጅ ነው። ከለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ከፖላንድና ከሮማኒያ ለወቅቱ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ነው፤ ነቅቶ ኖሮ በመስኮቱ እያየ፣ «ጀርባቸውን እያቸው» አለኝ። እኔ ግን ያየሁት ወይኑን ነበር።

ባካራህ፤ ጊዜ የረሳት መንደር

የወረድነው ባካራህ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማ ማለት ይከብዳል፤ መንደር ናት። ቤቶቹ የእንጨት ማገራቸውን እንደ ጥልፍ ወደ ውጭ አውጥተው፣ ጭቃና ኖራ ተመርገው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። አንዳንዱ ያዘመመ ነው፤ የሚወድቅ ይመስላል፤ ግን ስንት ምዕተ ዓመት አልወደቀም። ዙሪያዋን የድንጋይ ቅጥር አላት፤ ቅጥሩ ላይ መሄድ ይቻላል፤ በየመካከሉ ማማ አለ።

ይህች መንደር ድሮ ሀብታም ነበረች። ምክንያቱም ቢንገን አጠገብ ወንዙ ውስጥ ያለው አለት ትልልቅ መርከቦችን አላሳልፍ ይል ነበር። ስለዚህ የወይኑ በርሜል በትንንሽ ጀልባ እዚህ ድረስ ይመጣና ወደ ትልልቅ መርከብ ይገለበጣል። ገዢው ታዲያ ወይኑ የትም ይበቀል የት «የባካራህ ወይን» እያለ ይጠራው ነበር። እኛም አገር ስንቱ እህል የተመረተበት ሳይሆን የተጫነበት ገበያ ስም አይደል የሚወጣለት?

ከመንደሩ ጀርባ ወደ ተራራው የሚወጣ ደረጃ አለ። ግማሽ መንገድ ላይ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ቀይ ድንጋይ፣ ረጃጅም መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ መስታወት ሳይሆን ሰማይ! በጣም ያምራል። ታሪኩ ግን አያምርም። በ1287 ቬርነር የሚባል ልጅ ሞቶ ተገኘና ሕዝቡ «አይሁድ ገደሉት» ብሎ በሐሰት ተነሳ። በራይን ዳር ያሉ ስንት አይሁዳውያን በዚህ ወሬ ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያኑም በልጁ ስም ተሠራ። ዛሬ እዚያው ይህን በደል የሚያስታውስ ጽሑፍ ተቀምጧል። እኛም አገር በሸማኔውና በቀጥቃጩ ላይ «ቡዳ ነው» እየተባለ የተሠራውን ግፍ ሳስብ ትንሽ ዝም አልኩ።

ጣሪያው የት ሄደ? ከላይ ተራራው ጫፍ ሽታሌክ የሚባል ግንብ አለ። በ1689 የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ወታደሮች ግንቡን በባሩድ ሲያፈነዱት ድንጋዩ ቁልቁል ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው። የላይኛው ሲወድቅ የታችኛውን ይዞ መውደቁ በዓለም ሁሉ አንድ ነው! ግንቡ ራሱ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠርቶ ዛሬ የወጣቶች ማደሪያ ሆኗል። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ ከሆቴል ባነሰ ዋጋ ግንብ ውስጥ ማደር ይቻላል።

ደረጃውን ስንወጣ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ቆመ። ጉልበቱን ይዞ። «እርጅና ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀና «ሣጥን ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

የውኃ ላይ ኬላ

ከባካራህ በመርከብ ወደ ታች ቀጠልን። ትንሽ እንደሄድን ወንዙ መሐል አንድ ነገር ተገተረ። በሩቁ መርከብ ይመስላል፤ ስንጠጋ ነጭ ግድግዳ፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ መስኮት። ግንብ ነው! ካውብ የምትባል ከተማ ፊት ለፊት፣ ወንዙ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ፣ ከ1326 ወዲህ የተሠራ ነው።

«ይሄ ምን ይሠራል ውኃ መሐል?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ኬላ ነዋ!» አለኝ።

ለካ እነዚህ ግንቦች ብዙዎቹ ኬላ ነበሩ! ጌቶቹ ወንዙን በሚያልፍ ነጋዴ ላይ ቀረጥ ይጥላሉ። እምቢ ያለ መርከብ አያልፍም። እኛ አገር መንገድ ላይ ገመድ እንደሚዘረጋው ማለት ነው። አንዱን ኬላ ከፍሎ ያለፈ ነጋዴ ተራራውን ዞር ሲል ሌላው ይጠብቀዋል። በመካከለኛው ዘመን ራይን ላይ እንዲህ ያለው ኬላ በደርዘን ነበር የሚቆጠረው። ነጋዴው ወይኑን ጭኖ ገበያ እስኪደርስ ምን ይተርፈዋል?

ወንድሜ የመርከቡን ብረት ተደግፎ እያየ፣ «እኔም እንደዚያ ነጋዴ ነኝ» አለ። «ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ድረስ ስንት ኬላ ያለ ይመስልሻል?» ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ወረቀት ግን ድንገት የከበደችኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ በግራ በኩል ኦበርቬዘል የምትባለው ከተማ መጣች፤ ከድሮ ቅጥሯ 16 ማማዎች እስከ ዛሬ ቆመውላታል። ከበላይዋ ሾንቡርግ የሚባል ግንብ አለ። እሱም በ1689 ተቃጥሎ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ከረመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ዘሩ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ራይንላንደር የሚባል ባለጸጋ ቤተሰብ መጥቶ ገዛውና አሳደሰው። በ1950 ከተማው መልሶ ገዛው፤ ዛሬ ሆቴል ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ «በቃ፣ እማዬን ሁለት መቶ ዓመት ትጠብቀኝ በያት፤ የልጅ ልጄ ልጅ መጥቶ የአባባን ግቢ ያድሳል» አለ። አሁንም ሳቅን። ሳቃችን ግን እያጠረ ሄደ።

ከዚያ ሎሬላይ። ወንዙ ጠብቦ፣ ጠልቆ፣ ተጠማዞ የሚያልፍበት 132 ሜትር ከፍታ ያለው አለት ነው። አፈ ታሪኩ አንዲት ቆንጆ አለቱ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር መርከበኛው እሷን ሲያይ ከድንጋይ ጋር ይላተም ነበር ይላል። ተረቱ የጥንት ቢመስልም ብሬንታኖ የሚባል ገጣሚ በ1801 የፈጠረው ነው፤ ሃይነ ደግሞ በ1824 ዝነኛ አደረገው። አደጋው ግን ተረት አይደለም። በጥር 2011 አሲድ የጫነ መርከብ እዚያው አጠገብ ተገልብጦ ሰው ሞቷል።

ግንቡ

ሳንክት ጎዋር በምትባል ከተማ ከመርከብ ስንወርድ አንገቴን ቀና አደረግሁ። አወቅሁት! ያው ተራራ፣ ያው ግንብ። ከቴሌቪዥናችን በላይ ያለው። ራይንፌልስ ይባላል።

«ና ቁም! እዚያው ቦታ ቁምና እንደገና ላንሳህ!» አልኩት። ቆመ። ስልኬን አውጥቼ ሳነጣጥር ልዩነቱ ያኔ ታየኝ። የፎቶው ሰውዬ ጎረምሳ ነው። የቆመው ግን ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ገና አርባ ሦስት ዓመቱ ነው'ኮ!

«ያን ካፖርት አሁንም አለህ?» አልኩት።

«የኔ አልነበረም» አለ። «የጓደኛዬ ነው። ለፎቶው አበደረኝ።»

«ውስጡስ እንዴት ነው?» አልኩት ወደ ግንቡ እያሳየሁ።

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ገብቼ አላውቅም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የአበሾች ማኅበር ሽርሽር አዘጋጅቶ በአውቶቡስ ወስዷቸው ነበር። ሌሎቹ ቲኬት ቆርጠው ወደ ግንቡ ሲወጡ እሱ «እግሬን አሞኛል» ብሎ ወንዙ ዳር ቀረ። በዚያ ሳምንት ለኛ ገንዘብ ልኮ ስለነበር ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ሳንቲም ሊያወጣት አልፈለገም። ጓደኛው ከላይ ሲወርድ አነሳው። ያቺን ፎቶ ነው እኛ አሥራ ሦስት ዓመት የሰቀልናት!

ምን ልበለው? «ዛሬ ከፋይዋ እኔ ነኝ» ብዬ እጁን ይዤ ጎተትኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት ወጣን፤ አሁን «እርጅና ነው» ብዬ አልቀለድኩም። በሩ ላይ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩና ገባን።

ውስጡ… ባዶ! ከሩቅ ሲታይ ንጉሥ የሚኖርበት የሚመስለው ግንብ ጣሪያ የለው፣ ወለል የለው፣ በር የለው። ግድግዳው ላይ ሣር በቅሏል። አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ጀርባ ግን ክፍል የለም። ወንድሜ መሐል ግቢው ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳቀ… እንባው እስኪመጣ ድረስ። «ይሄን ነው እንዴ! ይሄን ነው ያመለጠኝ ብዬ ስቆጭ የኖርኩት!»

የግንቡ ታሪክም የሚያስተምር ነው። በ1245 የካትሰንኤልንቦገን ጌታ ዲተር 5ኛ ሠራው፤ ለምን? ለኬላ! ከአሥር ዓመት በኋላ ቀረጡን ከፍ ሲያደርግ የራይን ከተሞች ተባብረው ከበቡት። ከአንድ ዓመት በላይ ቢከቡትም ሊይዙት አልቻሉም። በ1692 የሉዊ 14ኛ ጦር መጣ፤ እሱም ሳይሆንለት ተመለሰ። ታዲያ ማን አፈረሰው? በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ጦር ሲመጣ ጠባቂዎቹ ሳይዋጉ አስረከቡት፤ ከዚያ በባሩድ ነጎደ። ድንጋዩ ደግሞ ተለቅሞ ኮብሌንዝ ላይ ለሚሠራ ሌላ ምሽግ ማሠሪያ ሆነ። በዚያ አካባቢ ካሉት የተራራ ግንቦች መሐል ፈጽሞ ሳይፈርስ የቀረው ማርክስቡርግ የሚባለው አንዱ ብቻ ነው።

እዚያ ፍርስራሽ ላይ፣ ወንዙን ቁልቁል እያየን ቁጭ አልን። ወንድሜ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያነሳል። ጉልበቱን የጎዳው እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቢሮ ያጸዳል። ያን ዕለት ጠዋት ባቡር ውስጥ የተኛው ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ስለመጣ ነው፤ የእሑዱን ሥራ ደግሞ ለኔ ሲል ለሌላ ሰው ሰጥቶ። ቤቱን ያላሳየኝ ከሁለት ሰው ጋር አንድ ክፍል ስለሚጋራ ነው። አባታችን ሲሞት ለቀብሩና ለተዝካሩ የላከው ገንዘብ ብድር ነበር፤ ከፍሎ የጨረሰው አምና ነው።

«ለምን አልነገርከንም ወንድምዓለም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ? 'እንዴት ነህ' ትሉኛላችሁ፤ 'ደህና' እስክል እንኳ አትጠብቁም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አለ።»

መልስ አልነበረኝም።

ቅጠል የተሰቀለበት ቤት

ወደ ማታ በባቡር ኦበርቬዘል ተመልሰን ወረድን። አንድ ግቢ በር ላይ ቅጠል ታስሮ ተሰቅሏል። «ጠላ ቤት!» አለኝ ወንድሜ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። እኛ አገር ጠላ ያለበት ቤት እንጨት ላይ ጣሳ እንደሚደፋው፣ እዚያም ወይን አምራቹ ገበሬ ቅጠል ወይም መጥረጊያ ይሰቅላል። ሽትራውስቪርትሻፍት ይሉታል። ሕጉ የራሱን ወይን በራሱ ቤት፣ በዓመት ከአራት ወር ላልበለጠ ጊዜ፣ ከ40 ላልበለጠ መቀመጫ ያለ ንግድ ፈቃድ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። አግዳሚ ወንበር፣ ዳቦ፣ አይብ፣ የባለቤትየዋ ጨዋታ… ያገሬን ጠላ ቤት አስታወሰኝ።

እኔ ከጉደርና ከአክሱሚት በቀር ወይን አላውቅም። ሪዝሊንጉ ኮምጠጥ ብሎ ጥሩ መዓዛ አለው። ከግማሽ ብርጭቆ በኋላ ደፈር አልኩና ወረቀቷን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት።

አነበበ። ቀስ ብሎ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

ተራ ቁጥር አንድን ሰረዝኳት፤ እኔው ራሴ። ደመወዝ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ቢፈጅም እከፍላለሁ። ፎቁን ተያይተን ሰረዝነው። ላፕቶፑን፣ ጫማውን፣ ስልኩን… ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ከተቻለ» የምትለዋን ቃል በጣቱ ነካት። «የሚያስፈልጋትን ዘጠነኛ ላይ ጻፈችው?» አለ። «ይሄን ወር በወር እኔ እልካለሁ። ሌላውን ግን አልችልም፤ ሚጡዬ፣ አልችልም።» «አልችልም» ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ነገርኳት? ነገርኳት። ጠላኝ ብትሉኝም ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ካፖርቱንና ክፍሉን ተውኩት። የሌሊት ሥራውን፣ ጉልበቱንና ብድሩን ግን አልደበቅሁም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በነጋታው ስትደውልለት ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልወጣትም። «በልተሃል? ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው? ጉልበትህን በምን ታሸዋለህ?» እሱ ለአንድ ሳምንት ተቀየመኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ ከእናቴ ጋር አንድ ሰዓት አወራ። ድሮ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም ነበር።

ምክር ለመሄድ ለምታስቡ፣ ለቀራችሁም

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ፍራንክፈርት የምትደርሱ ወጣቶች፣ አንድ እሑድ ለራይን ስጡት። ማይንትስ ላይ ባቡር ቀይሩና የወንዙን ግራ ዳር ያዙ። ፈጣን ባቡር አያስፈልጋችሁም፤ በየመንደሩ የሚቆመው ነው ደጉ። ከ2023 ጀምሮ በመላው ጀርመን በእንዲህ ያለው ባቡር የሚያስኬድ ወርሃዊ ቲኬት አለ፤ ዘመዳችሁ ያውቀዋል። መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፀደይ እስከ መኸር ነው የሚሠሩት፤ በክረምት አትልፉ። ከቢንገን ወዲያ እስከ ኮብሌንዝ ድልድይ ስለሌለ ማዶ ለመሻገር ጀልባ ነው። ግንቦቹ ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ ጠይቃችሁ ውጡ፤ ጫማችሁም ተረከዝ የሌለው ይሁን። ሌሊት እዚያ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ዳር የጭነት ባቡር እስኪነጋ እንደሚጮህ እወቁ፤ ፖስት ካርዱ ላይ ይህ አይታይም።

ውጭ ወንድም ወይ እህት ላላችሁ ደግሞ፦ ስትደውሉ «እንዴት ነህ?» ካላችሁ በኋላ ትንሽ ጠብቁ። ዝርዝር ካላችሁም የእውነት የሚያስፈልገውን ዘጠነኛ ላይ አትጻፉት፤ መጀመሪያ ላይ ጻፉትና የቀረውን እናንተው ሰርዙት። እናንተም ውጭ ያላችሁ፣ በሰው ካፖርት የተነሳችሁትን ፎቶ ስትልኩ ከጀርባው አንድ መስመር ጻፉበት እባካችሁ። እኛ እዚህ ያየነውን ነው የምናምነው።

በነገራችን ላይ፣ ግንቡ ውስጥ ጣሪያ በሌለው ግቢ መሐል እንባው እስኪመጣ ሲስቅ ያነሳሁትን ፎቶ አሳጥቤ ለእናቴ ሰጠኋት። ከድሮው ጎን ሰቅላዋለች። ያቺ ጎረቤታችን ባለፈው ሰሞን ቡና ልትጠጣ መጥታ ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና፣ «ውይ! ፈረሰ እንዴ ቤቱ?» አለች።

እናቴ ቡናዋን እየቀዳች፣ «ድሮም የሱ አልነበረም» አለቻት።